የልጄ ላምና ቀዩ እስክሪብቶ

ይሄኛው ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። ርዕሱን አይታችሁ ብቻ «ቲቸር ደግሞ ስለ ከብት እርባታ መጻፍ ጀመረ» እንዳትሉኝ።

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ደብተር ነው። አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ነቀምቴ አንድ የግል ኬጂ ትማራለች። (ስሙን አልጠራም። ችግሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩም።) አንድ ማታ የቤት ሥራዋ በእንግሊዝኛ «ካው» የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ መጻፍ ነበር። ሰባት ጊዜ ጻፈችና ስምንተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ላሟን ራሷን ሳለቻት። ቀንድ አላት፣ ጅራት አላት፣ ጡት አላት። ከሥሯ ጥጃ አለ። የጥጃው እግር አምስት ነው። «አምስተኛው ምንድነው?» ብላት «እየሮጠ እኮ ነው አባ!» አለችኝ።

ታዲያ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ላጲስ አመጣሁ። አዎ እኔ፣ ስንት ዓመት መምህር የሆንኩት ሰውዬ። «ሚስ ትቆጣለች፣ አጥፊውና የቀረውን ጨርሺ» አልኳት። ላሟ ጠፋች። ጥጃው ግን በደንብ አልጠፋም፤ ያ አምስተኛው እግሩ ቀረ። በማግስቱ ደብተሩ ሲመለስ በቀረው እግር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል። ከሥሩ «ደብተር አይበላሽ» የሚል ተጽፎበታል።

ልጄ ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደብተሯ ንጹሕ ሆነ። እኔና ባለቤቴም «ጎበዝ፣ ተሻሻለች» ተባባልን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ ከገጠር መጥታ ነበር። ልጆቹ «አኮ» ነው የሚሏት፤ አያት ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ጨለማ ከሆነ ሥራዋ አንድ ነው። «ሂቦ!» ትላለች፣ እኛ «ሂባካ!» እንላለን። አማርኛው «እንቆቅልሽ» ሲል «ምን አውቅልህ» እንደሚባለው መሆኑ ነው። እሷ ጠየቀች፣ እኛ መለስን፣ አንዳንዱ አቃተን። ተራው ዞሮ ትንሿ ጋ ደረሰ። የምታውቀውን አንዱን ትደግማለች ብለን ስንጠብቅ የራሷን አመጣች።

«ቀይ ነው። አፍ የለውም። ግን ያስለቅሳል።»

እናቴ ወዲያው «በርበሬ!» አለች። ባለቤቴ «ቀይ ሽንኩርት!» አለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሁለቱም ጥሩ መልሶች ናቸው። ልጅቷ ግን «አይደለም» ብላ ትስቃለች። እጅ ሰጠን። «አገር ስጡኝ» አለች። ጊምቢን ሰጠናት፣ እምቢ አለች። ነጆን ሰጠናት፣ እምቢ አለች። አዲስ አበባን ስንሰጣት ነው የተቀበለችው። (የአያቷ ፊት ትንሽ ኮስተር አለ፤ ጊምቢ ተንቃ!) መልሱን ነገረችን።

«የሚስ እስክሪብቶ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ላጲሱ ግን ትዝ አለኝ።

ያን ሌሊት አስቤ አስቤ ያገኘሁት ነገር ይህ ነው። ያቺ አምስት ዓመት ያልዘለላት ልጅ አንድን ዕቃ አየች። መልኩንና የማይችለውን ለየች። የሚያደርገውንም እንደዚሁ። ከዚያ ስሙን ደበቀችና እኛ ምን ብለን እንደምንስት ገመተች። ይህ ማሰብ ካልሆነ ማሰብ ምንድነው? «ካው» የሚለውን ሃያ ጊዜ የጻፈችበት ገጽ ላይ «ኤክሰለንት» አለ። እንቆቅልሹ ግን የትም አልተመዘገበም። ማን ማርክ ይሰጠዋል?

አሁን ወደ እኔ ክፍል ልውሰዳችሁ። ብዙዎቻችሁ እዚያ ተቀምጣችሁ ስለነበር ታውቁታላችሁ። ዘጠነኛ ክፍል፣ አማርኛ፣ የድርሰት ክፍለ ጊዜ። ዘንድሮ «ዝናብ የያዘኝ ቀን» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ወለጋ ውስጥ ዝናብ ያልያዘው ሰው አለ እንዴ? ከግማሽ በላይ የሆኑት ግን «ዝናብ ለሰው ልጆች፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት እጅግ ጠቃሚ ነው» ብለው ጀመሩ። በቃ፣ ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ይመስል! እሱ የበሰበሰበት ቀን የለም፣ የተጠለለበት የሱቅ በረንዳ የለም፣ የረጠበው ደብተር የለም። አንዱን ጠርቼ «አንተን ዝናብ ይዞህ አያውቅም?» ብለው «ይዞኛል ቲቸር፣ ግን እሱ ይጻፋል እንዴ?» አለኝ።

እሱ ይጻፋል እንዴ! ይህቺ ጥያቄ ከምን ክፍል ጀምሮ አብራው እንደመጣች አሰብኩ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ራሴን በዚህ ሳጽናና ነው የኖርኩት። አፋን ኦሮሞ የሚያስተምረውን ጓደኛዬን ስጠይቀው ግን ሳቀብኝ፤ «በአፋቸው መፍቻም ያው ነው ወንድሜ» አለ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ይህን በኬጂ ላይ ላላክክ አይደለም፤ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ ተቋርጦ የቀረው ትምህርት፣ የእኛ የመምህራን ድክመትም አለበት። ግን ሁላችንም 12ኛ ክፍል ላይ ቆመን ስናለቅስ ወደ ታች የሚያይ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦሮሚያን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች በልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ልብ በሉ፣ እነዚያ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው ዛሬ ያደጉት።

ስለዚህ ነው ስለ ላምና ስለ ጥጃ የምጽፈው። የምለው አንድ ነገር ነው። በሕፃንነት መሳል፣ መዝፈን፣ ጭቃ ማቡካት፣ ተረት መፍጠርና እንቆቅልሽ መጠየቅ ከትምህርት በኋላ የሚመጣ ዕረፍት አይደለም። ለዚያ ዕድሜ ትምህርቱ እሱ ነው። እኛ ግን የወለጋ ከተሞች ወላጆች ገንዘብ ከፍለን እያስጠፋነው ነው።

«ኬጂ» የሚለውን ቃል ራሱን እዩት። ቃሉ ጀርመንኛ ነው፤ «የልጆች የአትክልት ቦታ» ማለት ነው። ፍሪድሪክ ፍሮበል የተባለ ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1840 ይህን ስም ያወጣው። እሱ ጋ ልጆቹ የሚውሉት በኳስ፣ ከእንጨት በተቆረጡ መጫወቻዎች፣ በመዝሙርና በእውነተኛ የአትክልት መደብ ነበር። የኛዎቹን ኬጂዎች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። ከመኖሪያ ቤት የተቀየረ ግቢ፣ ሲሚንቶ የተለሰነ ሜዳ፣ ግድግዳው ላይ የሚኪ ማውስ ሥዕል። ሚኪ ማውስን የሳለው ቀለም ቀቢው ነው፤ ልጆቹ ግድግዳውን ቢነኩ ጉድ ይፈላል! ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ ጋውንና ቆብ ለብሳ «ትመረቃለች»። እኔም ዲፕሎማዬን ስቀበል ያንን ጋውን ለብሻለሁ፤ ለእሷ ግን ትንሽ ሳይበዛ አይቀርም።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሐሳብ ነው፣ እኛ አገር አይሠራም» ይላል። ይህን የሚል ሰው የራሳችንን አገር ታሪክ ባያውቅ ነው። የመጀመሪያው የአፋን ኦሮሞ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ በምን እንደተሞላ ታውቃላችሁ? በተረት፣ በእንቆቅልሽ፣ በምሳሌያዊ አነጋገርና በዘፈን ነው።

መጽሐፉን ያዘጋጁት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ኦነሲሞስን ነቀምቴ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፈውም እዚሁ ነቀምቴ ነው። አስቴርን ግን ተማሪዎቼን ስጠይቅ ብዙዎቹ አያውቋትም። በልጅነቷ ባሪያ ተደርጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ለሽያጭ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ የጣሊያን መርከቦች የተጫነችበትን ጀልባ ያዙትና ነጻ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ የሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን የሴቶች ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያ ይህቺ ሴት ምን አደረገች መሰላችሁ? በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከትውስታዋ አውጥታ ጻፈችው። ወደ 500 የሚጠጋ ሰበሰበች። ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ ኦነሲሞስ ነቀምቴ ተቀመጠ፣ አስቴር ደግሞ ከፌበን ሂርጴ ጋር ነጆ ላይ ማስተማር ጀመረች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ከቤቷ፣ ከእናቷ፣ ከአገሯ ተነጥቃ የተወሰደች ልጅ ናት። ማንም ሊወስድባት ያልቻለው ነገር ማታ ማታ የሰማችውን «ሂቦ» ነው። ፊደል የቆጠሩ የመጀመሪያዎቹ ልጆችም ያንኑ አነበቡ፤ ከቤት የሚያውቁትን ነገር ነው በፊደል ያገኙት። እኛ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ አስቴር ባስተማረችበት በዚያው ወለጋ፣ ልጆቻችንን «ኤ ፎር አፕል» እናስብላቸዋለን። አፕል በዓይኗ ያላየች ልጅ! ማንጎ በር ላይ እየወደቀ።

ወደ ጥቅሙ ልግባ፤ «መጫወት ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም።

ጭቃ የምታቦካ ልጅ ጣቶቿን እያጠነከረች ነው። እርሳስ አያያዙ የጠፋባት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጎድላት ጉልበት ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ እሷን አንድ ገጽ ሙሉ ማስጻፍ ገና ያልቆመን ጥጃ እንደመንዳት ነው። ሥዕል ደግሞ ከጽሑፍ በፊት የሚመጣ ጽሑፍ ነው። «ይህ መስመር ላም ነው» ያለች ልጅ «ይህ ምልክት ድምፅ ነው» ወደሚለው ግማሽ መንገድ ሄዳለች። ቪጎትስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በትር ጋልቦ «ፈረሴ» ስለሚል ልጅ ብዙ ጽፏል። ልጁ በትሩ ፈረስ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ግን አንድ ነገር ስለ ሌላ ነገር ቆሞ እንዲያገለግል አድርጓል። ፊደልም ቁጥርም ያው አይደለ? የኛ ልጆች የበቆሎ አገዳ ልጠው በሬም መነጽርም ጋሪም ይሠራሉ። ባኮና ሲሬ ላይ በመስከረም ብትሄዱ ሰፈሩ ሁሉ የአገዳ ፋብሪካ ነው። ያ ሁሉ ኬጂው በር ላይ ይጣላል፤ «ቆሻሻ ይዘሽ አትግቢ» ነዋ።

ዘፈንማ ለአፋን ኦሮሞ ልጅ የግድ ነው። «ለፈ» ስንል መሬት፣ «ላፋ» ብለን ስንስበው ለስላሳ ነው። ድምፁ ሲረዝም ትርጉሙ ይለወጣል፤ በቁቤ ሲጻፍም ፊደሉ ይደገማል። በጭብጨባ ጨዋታ አጭሩንና ረጅሙን በጆሮዋ የለየች ልጅ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ለምን እንደሚደገም አይጠፋትም። ያልለየችው በቃሏ ትሸመድደዋለች፤ ከዚያ ዘጠነኛ ክፍል እኔ ጋ ትመጣለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመጻፍ ይከብደኛል። ባለፉት ዓመታት በዚህ በወለጋችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ቤተሰብ ከቀዬው ተነስቶ ወደ ከተማ እንደገባ ለእናንተ አልነግርም። ኦ ክፍል የምታስተምር አንዲት ጓደኛዬ ያጫወተችኝ ነው። ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ልጅ ለሳምንታት ቃል አልተነፈሰም። ስሙ ሲጠራ እንኳ «አቤት» አይልም። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ ቀዩን ጭቃ አንስቶ ሁለት በሬ ከነቀንበሩ ሠራ። አጠገቡ የነበረ ልጅ «የማን ናቸው?» ሲለው «የአባቴ» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነበር። መምህሯ ምንም ሥልጠና አልነበራትም፤ ጭቃውን «ጣል» ባለማለቷ ብቻ ነው።

ኦ ክፍል ያልኩት እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው የቅድመ ልጅነት ትምህርት ማዕቀፍ ጋር በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋውን፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። ወረቀቱ ላይ ጨዋታ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ሁሉም አለ። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ስድሳ ሰባ ልጅ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንዲት መምህርት አሉ። እዚያ ማንንም ለመውቀስ አፌ አይከፈትም።

የግሉን ግን ልወቅስ ሄጄ ነበር። ልጄን የምታስተምረውን ሚስ ለማናገር የእንቆቅልሹ ሰኞ ሄድኩ። ገና ወጣት ናት። ያቺን ላም አንስቼ ትንሽ ልቆጣ ስል እሷ ቀደመችኝ። «ቲቸር፣ እኔም መዝፈን እወዳለሁ። ግን ዓርብ ዓርብ ወላጅ ደብተር ይገልጣል። ገጹ ካልሞላ ለባለቤቱ ይደወላል። ባለፈው ዓመት ልጆቹን ውጭ አውጥቼ ቅጠል ሳስለቅም የዋልኩ ቀን ሦስት ወላጅ ደወለ፤ ልጄ ቅጠል እንዲለቅም አይደለም የከፈልኩት ተብሎ።» ዝም አልኩ። ምክንያቱም፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓርብ ዓርብ ደብተር ከሚገልጡት ወላጆች አንዱ እኔ ነኝ። አልደወልኩም እንጂ ቆጥሬያለሁ።

ቀዩን እስክሪብቶ የገዛንላት እኛ ነን ማለት ነው።

ወላጆችንም እረዳለሁ። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ለእሱ ትምህርት ማለት ከጭቃ መውጣት ነው። ልጁ በገንዘብ ተመልሶ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ቢያይ አይገባውም ነበር። ጎረቤቶቼም የሚከፍሉት ከቡናና ከሱቅ ተለቅሞ ነው፤ ለከፈሉት የሚጨበጥ ነገር ማየት ይፈልጋሉ፣ የሚጨበጠው ደግሞ የሞላ ደብተር ነው። ዘፈን አይጨበጥም። ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ልጃችሁን «ዛሬ ምን ጻፍሽ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ያየሽውን አንድ ነገር ስሙን ሳትጠሪ ንገሪኝ» በሏት። የምትነግራችሁ ነገር ካለ ትምህርት ቤቱ ሠርቷል። የላትም? እንግዲያው ደብተሩ ቢሞላም አትደሰቱ።

ውድ መጫወቻ ያስፈልጋል የሚል ካለ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያስታውስ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢቲቪ ሲጀምሩት ያቺ ሁላችሁም የምታውቋት ቀጭኔ የተሠራችው ከካልሲ ነበር። ብሩክታዊት ራሷም የልጆች መምህርት ነበረች። ሥራው በ2008 የጃፓን ሽልማት አገኘ። ካልሲ እኮ ነው!

ከሚስ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። የደብተሩ የመጨረሻ አምስት ገጽ የልጆቹ ነው፤ ቀይ አይነካውም። ከሰዓት በኋላ ሃያ ደቂቃ «ሂቦ» ትላቸዋለች። ለባለቤቱ ገና አልነገርነውም፤ ይህን ካነበበ እንግዲህ ነገርነው ማለት ነው። ያንን ለማስቆም የሚደውል ወላጅ ካለ እኔም እደውላለሁ ብያታለሁ።

እኔም በክፍሌ ጀመርኩ። ዘጠነኛ ክፍሎችን የራሳችሁን እንቆቅልሽ ፍጠሩ አልኳቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከስንት ማርክ ነው?» የሚል ነበር። «ከዜሮ» አልኩ። አጉረመረሙ። ከዚያ ያ ስለ ዝናቡ የጠየቀኝ ልጅ እጁን አወጣ። «ተራራ ላይ ስወጣ አገኘዋለሁ፣ ቤቴ ስገባ ይጠፋኛል።» ሰፈሩን የሚያውቁት ቀድመው ሳቁ። ኔትወርክ ነው! «እሱስ ይጻፋል?» አልኩት። ጻፈው።

አሁን ከናንተ የምፈልገው ነገር አለ። ሚስ ያላት የእንቆቅልሽ ስንቅ በሁለት ሳምንት ያልቅባታል። አያት ያላችሁ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አንድ «ሂቦ» ወይም አንድ የልጆች ተረት ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱልኝ። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ፤ ልጆቹ የአያት ድምፅ እንዲሰሙ ነው። በውስጥ መስመር ላኩት፣ ከየት አካባቢ እንደሆነ ብቻ ጨምሩበት። አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ ግድ የለኝም። ከአርጆ እናቴ አሥራ አንድ ሰጥታኛለች፣ ከሻምቡ ሁለት ደርሶኛል። የደምቢ ዶሎና የመንዲ ልጆች፣ እስካሁን ከናንተ አንድም የለም። ነጆዎች ደግሞ እናንተ የአስቴር አገር ሆናችሁ ዝም ብትሉ እታዘባችኋለሁ።